ቴፍሎን መጥበሻና ወፍ አንድ ቤት አይኑሩ

በቀቀን ወይም ካናሪ የሚያሳድግ ሰው ቤቱ ውስጥ ቴፍሎን መጥበሻ ባይኖረው ይሻላል። «ተጠንቅቆ መጠቀም ይቻላል» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም።

ምግቡ መጥበሻው ላይ እንዳይጣበቅ የሚያደርገው ሽፋን ፒቲኤፍኢ ይባላል፤ ቴፍሎን የንግድ ስሙ ነው። በልኩ ሲሞቅ ችግር የለውም። ሙቀቱ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲያልፍ ግን ሽፋኑ መበላሸት ይጀምራል። በጋለ ቁጥር የሚለቀው መርዛማ ጋዝና ብናኝም ይጨምራል። ባዶ መጥበሻ ኃይለኛ እሳት ላይ ከተጣደ እዚያ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ስልክ ይጠራል፣ በር ይንኳኳል፣ መጥበሻው ይረሳል። ይሄ የማይደርስበት ማን አለ? ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም የምለው ለዚህ ነው።

ሰው ጭሱን ቢስበው ጉንፋን የመሰለ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይይዘዋል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቀዋል። ወፍ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የላትም። ሳንባዋ እንደ እኛ አይነፋም፣ አይሟሽሽም። በሰውነቷ ውስጥ ያሉ የአየር ከረጢቶች አየሩን በሳንባዋ በአንድ አቅጣጫ ይነዱታል። አየር ስታስገባም ስታስወጣም ሳንባዋ ኦክስጅን ያገኛል። ለመብረር የሚያበቃት ይኸው አሟጦ የሚወስድ ሳንባ መርዙንም አይምርም። አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ጅራቷ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ከመቆሚያዋ ትወድቃለች። ሳንባዋ ደምና ፈሳሽ ይሞላና በደቂቃዎች ውስጥ ልትሞት ትችላለች። አንዳንዴማ ምንም ምልክት ሳይታይ ሞታ ትገኛለች።

በጣም የሚያናድደኝ የካርቶኑ ጽሑፍ ነው። «ከፒኤፍኦኤ ነፃ» ይላል፣ በትልቁ። ፒኤፍኦኤ እኮ ሽፋኑን ለማምረት ያገለግል የነበረ ሌላ ኬሚካል ነው። ሽፋኑ ራሱ ፒቲኤፍኢ ከሆነ ለወፏ የተለወጠ ነገር የለም። ገዢው ግን ጽሑፉን አምኖ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። አምራቾች የወፍ ማስጠንቀቂያውን ማንም በማያነበው መመሪያ ውስጥ ከመቅበር ይልቅ ካርቶኑ ፊት ላይ ሊያትሙት ይገባል።

ሽፋኑ ደግሞ መጥበሻ ላይ ብቻ አይደለም ያለው። አንዳንድ ካውያ፣ ኤር ፍራየርና የሙቀት አምፖል ላይም ይገኛል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ፒቲኤፍኢ እንዳለው መጠየቅ ነው። ለመጥበሻ ስቴንለስ ስቲል ወይም ወፍራም ብረት ይሻላል። ያም ሆኖ የተቃጠለ ዘይት ጭስም ወፍን ይጎዳል፤ የወፍ ቤት ከማዕድ ቤት ይራቅ።

መጥበሻ ተረስቶ ከጋለ መጀመሪያ ወፏን ንጹሕ አየር ወዳለበት ማውጣት፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር የእንስሳት ሐኪም ዘንድ መውሰድ። ደህና ብትመስልም እንኳ።