ሠራተኛን በዓይነ ውኃ የመመደብ ጥበብ

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ገላን ሲወረድ ካሉት ፋብሪካዎች በአንደኛው አጥር ላይ ባለፈው ሰሞን የክፍት ሥራ መደብ ማስታወቂያ ተለጥፎ አነበብሁ። ሁለት የሂሳብ ሠራተኞች እንደሚፈለጉ፣ ሴት አመልካቾችና አካል ጉዳተኞች እንደሚበረታቱ፣ ምዝገባውም ሦስተኛ ፎቅ ላይ በአካል በመቅረብ ብቻ እንደሚከናወን ይገልጻል። «በአካል» ከምትለው ቃል ሥር በእስክሪብቶ ተሰምሯል። ሕንፃው አሳንሰር የለውም። ነገር የማይገባው ሰው ይህን ከቸልተኝነት ሊቆጥረው ይችላል፤ እኔ ግን ከጽሑፍ ፈተናው በፊት የሚሰጥ፣ ወረቀትም አራሚም የማይጠይቅ ማጣሪያ መሆኑን ስረዳ ለድርጅቱ ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

ሕግ አያከብሩም እንዳይባል፣ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ስላዘዘ፣ እነርሱም በዚሁ መንፈስ ከደረጃው ጎን ተዳፋት መወጣጫ አሠርተዋል። ፍየል እንኳ ቆም ብላ የምታስብበት ዳገት ነው። ከታች የጥበቃው ሞተር ብስክሌት ይቆምበታል፤ ከላይ ደግሞ በቀለም ባልዲ የተተከለ ጽጌረዳ ተቀምጦበታል። ጽጌረዳው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምራል።

በሂሳብ አያያዝ ዲግሪ ያለው፣ በክራንች የሚሄድ የኮዬ ፈጬ ጎረቤቴ ማስታወቂያውን አምኖ ሄደ። 54 ደረጃ ቆጥሮ፣ ላቡን በእጅጌው ጠርጎ፣ የትምህርት ማስረጃውን ለሰው ሀብት ኃላፊው ዘረጋ። ኃላፊው ማስረጃውን በመግለጥ ጊዜ አላባከኑም። ልምድ ያለው ባለሙያ የሰውን ዓይነ ውኃ አይቶ መደቡን ያውቃልና፣ ክራንቹን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት።

«የእኔ ወንድም፣ ሂሳብ እኮ ብዙ መንቀሳቀስ ይፈልጋል» አሉት።

«ጋሼ፣ ሂሳብ ተቀምጦ የሚሠራ መስሎኝ ነበር» አለ ልጁ።

«ባንክ መመላለስ አለ፤ ከዚያ ይህ ደረጃ አለ። ለአንተ አዝኜ ነው። በር ላይ ለመኪናዎች የመግቢያ ካርድ የሚሰጥ ሰው እንፈልጋለን፤ እሱ ይመችሃል።»

የበሩ ሥራ ከባድ መኪና በመጣ ቁጥር ተነሥቶ ሰንሰለት ማውረድን እንደሚጨምር ልጁ የሰማው ወደ ታች ሲወርድ ከጥበቃው ነው።

ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሥራው ጠባይ ካልከለከለ በቀር አካል ጉዳተኛ በችሎታው ተወዳድሮ የመቀጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የእኛ ኃላፊዎች ከአዋጁ ሁሉ በቃላቸው የያዙት «የሥራው ጠባይ» የምትለዋን ሐረግ ነው። ሥራው ጠባዩ እንዴት ያለ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚቆጣ፣ ማንን እንደማይወድ እንደ አማት ጠባይ ያውቁታል፤ ሥራውን የሚሠራው ሰው ሳይጠየቅ እነርሱ ይመሰክሩለታል። አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ አካል ጉዳተኛ ሲከስ የማስረዳት ሸክሙ በአሠሪው ላይ እንደሚወድቅ ያው አዋጅ መደንገጉን ግን አላነበቡትም፤ ሸክም መሸከም ደግሞ የእነርሱ ጠባይ አይፈቅድም።

የሚደንቀው ለቅርስ ያላቸው ፍቅር ነው። የ1986ቱ አዋጅ ቁጥር 101 ለአካል ጉዳተኞች የተለዩ የሥራ መደቦች እንዲከለሉ ይፈቅድ ነበር፤ አሁን ያለው አዋጅ በመግቢያው፣ ይህ አሠራር አካል ጉዳተኞች በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት የማይችሉ ናቸው የሚል ገጽታ መፍጠሩን ጠቅሶ ሽሮታል። ሕግ አውጪው የጣለውን እነርሱ አንሥተው፣ አቧራውን አራግፈው፣ ያለ አዋጅ ቁጥር እስከ ዛሬ ይሠሩበታል። በዚህ ድልድል መሠረት መስማት የተሳነው ከጄኔሬተሩ ጎን ይመደባል፤ ጩኸቱ አይረብሸውማ። ዓይነ ስውር ደግሞ ስልክ ላይ።

ስልኩን በተመለከተ ጥቂት ልበል፤ አይቼዋለሁና። እዚያው ግቢ፣ መሬት ቤት፣ በሕግ ዲግሪ የተመረቀ ዓይነ ስውር ሰው የስልክ ማዞሪያ ፊት ተቀምጧል። ሠራተኛው ሁሉ ሞባይል ከያዘ ወዲህ ማዞሪያው በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጮህ ነው፤ አንደኛው የተሳሳተ ቁጥር ይሆናል። የማያ ገጽ አንባቢ፣ ማለትም በኮምፒውተር ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ እንዲጫንለት ሲጠይቅ በጀት የለም ተባለ፤ ኤንቪዲኤ የተባለው ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ መሆኑን ቢያስረዳም፣ በጀት የማይጠይቅ ነገር በየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚፈቀድ ስላልታወቀ ጉዳዩ በእንጥልጥል ቀረ። እስከዚያው የግዢ ሠራተኞች ውል ሲያስቸግራቸው ወደ እርሱ ወርደው ጮክ ብለው ያነቡለታል፤ እርሱም የቱ አንቀጽ እንደሚያስጠይቃቸው ነግሯቸው ወደ ስልኩ ይመለሳል። ደመወዙ የስልክ ኦፕሬተር ነው። የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ ማየት የተሳናቸው ሆነው እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድን ዓለም አቀፍ ሽልማት እስከ መቀበል የደረሱት በዚህ ግቢ በኩል ስላላለፉ ነው፤ አልፈው ቢሆን ኖሮ ኃላፊው ሁለተኛ ስልክ ባስገዙላቸው ነበር።

ጎረቤቴ በሩን ሥራ አልተቀበለም፤ በዚህም ሰፈሩ ሁሉ ከንፈሩን መጥጦ ምስጋና ቢስ ብሎታል። ድርጅቱ ግን ቂም አልያዘበትም። ለኅዳር 24፣ ለዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች ቀን፣ ከኃላፊው ቢሮ ተደወለለት፤ ቲሸርት መዘጋጀቱን፣ ፎቶ አንሺ መጠራቱን፣ በክራንች የሚሄድ ሰው ግን መጥፋቱን ነገሩት።

«ዝግጅቱ የት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ሦስተኛ ፎቅ፣ አዳራሹ ውስጥ። ደግሞ ተወካይ እንዳትልክ፤ በአካል ነው የምንፈልግህ።»