ወንበር በፊርማ፣ ክላሽ በሰላምታ

ስለ ወሎ ሰው ቸርነት ያልጻፈ የለም። ቡናው ተወድሷል፣ ዱዓው ተወድሷል፣ እንግዳ አቀባበሉም እንደዚያው። የጦር መሣሪያ አሰጣጣችን ግን እስከ ዛሬ አመስጋኝ አላገኘም፤ ዛሬ እኔ ላመስግን።

ነሐሴ 2013 ነው፤ ወልዲያ ከተያዘች በኋላ። ደሴ ውስጥ ከአንድ ግቢ አይሱዙ ቆሟል። ከላይ ሣጥን ይከፈታል፣ ከታች እጅ ይዘረጋል። መዝገብ አልነበረም የሚል ካለ ይዋሻል፤ ነበር። ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ የታተመበት የተማሪ ደብተር። መዝጋቢው ጨዋ ልጅ ነው።

«ስም?»

«የእገሌ ልጅ ነኝ።»

«የላይ ሰፈሩ?»

«አዎ።»

አለቀ። የመሣሪያው ቁጥር ብረቱ ላይ ተቀርጾ እያለ ደብተር ላይ ደግሞ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? ወደ እኩለ ቀን ላይ የእስክሪብቶው ቀለም አለቀና ዕደላው በቃል ሆነ፤ ሰልፉም በእጥፍ ፈጠነ። ለካ ሲያዘገየን የነበረው እስክሪብቶው ነው።

ጎረቤቴ ሁለት ወሰደ፤ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን «ለወንድሜ» ብሎ። ወንድሙ ጂዳ ነው። ያን ጊዜም ጂዳ ነበር፣ ዛሬም ጂዳ ነው። የእሱ ድርሻ ግን ሥራ አልፈታም፤ የሰፈሩን ሰርግ ሁሉ ያደምቃል።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያን ጊዜ ከወጣ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሆኖታል። ምዝገባ ይላል፣ ፈቃድ ይላል። ደግ አዋጅ ነው፤ ማንንም አስቸግሮ አያውቅም። ለነገሩ ልማዱ የቆየ ነው። በ1983 ደርግ ሲወድቅ፣ በየመንገዱ ክላሹን በዳቦ የለወጠውን ወታደር ደረሰኝ የጠየቀው አልነበረም።

ወሎ ውስጥ ያለበት ቦታ ያለ ጥርጥር የሚታወቅ መሣሪያ ጥሩ ብባል መቅደላ ላይ ያለውን ሴባስቶፖልን እጠራለሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አሠርተው፣ ሸለቆ ለሸለቆ አስጎትተው ካወጡት ከ1860 ወዲህ ንቅንቅ አላለም። ጥበቃው የጠነከረ እንዳይመስላችሁ፤ ሰባት ቶን ገደማ ስለሚመዝን ነው። ክላሽ ግን ባዶውን አራት ኪሎ አይደርስም። (የሚዛኑን ነው የምላችሁ።)

ኅዳር 2014 መጨረሻ ላይ ደሴ ከተለቀቀች በኋላ ወደ ሥራ ተመለስን። ቢሮው በር የለው፣ መስኮት የለው፣ ወለሉ ላይ የተቀደደ ፋይል ጉልበት ድረስ። ንብረት ክፍል ብቻ አልተበገረም። በ2009 በሞዴል 22፣ በንብረት ወጪ ማድረጊያው ቅጽ፣ ፈርሜ የወሰድኩት ተሽከርካሪ ወንበር የት እንደገባ ተጠየቅሁ።

«ጦርነት ነበር እኮ» አልኩ።

«ፊርማዎ አለ» አሉኝ። እውነት ነው፤ ፊርማዬ አለ፣ ካርቦኑ ሳይቀር ፍንትው ብሎ ይነበባል። ዋጋው ከደመወዜ በሦስት ወር ተቆረጠ።

የመጨረሻው ቅነሳ ቀን፣ እግረ መንገዴን ስለዚያ አይሱዙ ጭነት አነሣሁ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ መነጽራቸውን አውልቀው እንደ ሕፃን አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያ እኮ ሞዴል የለውም። ምን ብለን እንጠይቃለን?»

ቀጥለውም ለአዲሱ ወንበሬ በሦስት ቅጂ አስፈረሙኝ።