ሰፈሬን ጠይቁኝ

ድሬዳዋ ውስጥ የሰውን የፖለቲካ አቋም ለመገመት ብዙዎች የሚቸኩሉት ወደ ስሙ ነው። የአባቱን ስም ሰምተው ይጨርሳሉ። አፉን ሳይከፍት ማንን እንደሚመርጥ፣ የትኛውን ቴሌቪዥን እንደሚከፍት፣ በማን እንደሚናደድ ወስነውለታል። እኔ ለገሃሬ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን ሳቢያን የምኖር የድሬ ልጅ ነኝ። በዚህች ከተማ ስለ መንግሥት የምናስበውን ነገር ከስማችን ይልቅ የምንኖርበት ሰፈርና የምንበላው እንጀራ ይበልጥ እንደሚወስነው በየቀኑ አያለሁ። የምንተዳደርበት አሠራር ግን ይህን መስማት አይፈልግም።

የድሮው ባቡር ጣቢያ ያለበትን የከዚራን ሰፈር እንይ። ድሬ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት አቅቶት ከታች ሜዳው ላይ ባይቀርና በ1895 ዓ.ም. እዚህ ባይደርስ ኖሮ ከተማዋም ባልኖረች። የባቡር ጡረተኞቹ ኦሮሞም፣ ሶማሌም፣ አማራም፣ ጉራጌም አሉባቸው። ስለ መንግሥት ሲያወሩ ግን አንድ ቤት ያደጉ ይመስላሉ። ትልልቅ ድርጅቶች በመንግሥት እጅ ይሁኑ ይላሉ፤ ማኅበር ይከበር፣ ጡረታ በጊዜው ይከፈል ይላሉ። ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ ከሀገሪቱ ቀደምት የሠራተኛ ማኅበራት በአንዱ ውስጥ የኖሩ ናቸው። አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ሆነ፤ የከዚራው ጣቢያ ፊት ለፊት በሻይና በታክሲ የሚተዳደረው ሰው ሁሉ ያኔ ያዘነው ሐዘን ብሔር አልነበረውም።

ከተማዋን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ አሸዋና ታይዋን ገበያ ስትገቡ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነው የምትሰሙት። እዚያ መንግሥት ማለት ኬላ፣ ጉምሩክ፣ ግብር ነው። ጨርቅ የሚሸጠው የሶማሌ ነጋዴና ጎኑ ያለው ጉራጌ በሌላው ጉዳይ ላይስማሙ ይችላሉ። ዕቃ ከጅቡቲ መጥቶ መንገድ ላይ ሲወረስ ግን የሚናገሩት አንድ ቃል ነው። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል።

እኔም ብሆን ሳቢያን ከገባሁ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኛለሁ። ለገሃሬ ሳለሁ የሚያንገበግበኝ የባቡሩ ነገር ነበር። አሁን የውሃ ሰው ሆኛለሁ። የሳቢያን ጉድጓዶች ከተማዋን ያጠጣሉ፤ ውሃው ግን ድንጋይ ያለበት ነው። ማፍያውን ነጭ ቅርፊት ይሸፍነዋል፣ ቧንቧው ከውስጥ እየጠበበ ይሄዳል፣ ጎረቤቴ በየጊዜው በቢላ ትፍቀዋለች። ምርጫ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይኸው ነው፤ እሷም እንደዚያው። እኔና እሷ በቋንቋም በሃይማኖትም አንገናኝም።

በአንድ ክረምት ደቻቱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሁለት ጎልማሶች ስለ ፌዴራሊዝም ተከራክረው ተኮራርፈዋል፤ መሐል ላይ ያለውን ባጅያ እንኳ የሚነካ ጠፋ። በዚህ መሐል ሰማዩ ከደጋው በኩል ጠቆረ። አንደኛው ተነሥቶ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጎርፉ የደረሰበትን ቦታ ግድግዳው ላይ በመዳፉ አሳየ፤ ከደረቱ በላይ ነው። በዚያች ሌሊት ከ250 በላይ ሰው አልቋል። ሌላኛው ደግሞ ወንዙ ውስጥ ቆሻሻ የሚደፋውንና ዳር ላይ ቤት የሚሠራውን አንድ በአንድ ይቆጥር ጀመር። ማን መጠየቅ እንዳለበት፣ ገንዘቡ ምን ላይ መዋል እንዳለበት ሲናገሩ አንድም ቦታ አልተለያዩም። ለእኔ እውነተኛው የፖለቲካ አቋማቸው ይኼኛው ነው፤ ወንዙ ቢሞላ ሁለቱም እዚያው ናቸውና።

ሥርዓቱ ይህን የሚሰማበት ጆሮ የለውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ክልሎችን ሲዘረዝር ድሬዳዋን አያነሣም። ኦሮሚያና ሶማሌ የእኔ ነች ሲባባሉባት ፌዴራል መንግሥት ያዛት፤ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተር ወጣላት። ከዚያ በላይ ግን ለዓመታት የገዛን በፓርቲዎች ስምምነት የመጣው የሥልጣን ክፍፍል ቀመር ነው፦ 40 በመቶ ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌሎች። የ1999ኙ ቆጠራ ኦሮሞውን 46፣ ሶማሌውን 24፣ አማራውን 20 በመቶ ገደማ አድርጎ አስቀምጦታል። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሒሳቡ ትክክል መሆን አለመሆኑ አይደለም። ቀመሩን ቢያስተካክሉትም ጥያቄው ያው ነው። አባቷ ኦሮሞ እናቷ ሐረሪ የሆነች የመጋላ ሰፈር ልጅ በየትኛው ወገን ትቆጠር? እንዲህ ዓይነት ልጆች ድሬ ውስጥ በየጊቢው አሉ።

ሐረር ላይ ነገሩ በሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። የክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው፤ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው፣ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ይመርጡባቸዋል። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ ከክልሉ ውጭ ድምፅ አይሰጥም አለ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረ፣ ምርጫው መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ተካሄደ። ምክንያቱ ይገባኛል። ሐረሪ በገዛ ክልሉ ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም፤ ቋንቋውና በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ ጁገል በቁጥር ብልጫ እንዲጠፉ የሚፈልግ ሰው ካለ ከእኔ ጋር አይደለም። ሆኖም አዲስ አበባ የሚኖረው ሐረሪ ለእነዚያ 14 መቀመጫዎች ድምፅ ሲሰጥ፣ ጁገል ውስጥ ዕድሜዋን የፈጀች ሌላ ሴት ግን አትሰጥም። ቅርሱንና ቋንቋውን ለሚመለከተው ይሁን እላለሁ። የውሃው፣ የመንገዱ፣ የቆሻሻው ነገር ግን እዚያው ለሚኖረው መተው አለበት።

ሰፈሩም እኮ በብሔር የተከፋፈለ ነው የሚለኝ ይኖራል። እውነት አለው። ድሬ ውስጥ አንዱ ወገን የሚበዛባቸው ሰፈሮች አሉ፤ ባለፉት ዓመታት ግጭት በተነሣ ቁጥር ወጣቶች በሰፈር ተለይተው ሲወራወሩ አይተናል፣ ቤታቸውን ለቀው ወደ ወገናቸው የተጠጉም አሉ። ይህ ግን ሐሳቤን ያጠነክረዋል። ሰዎች ሲራራቁ አቋማቸውም ይራራቃል፤ አንድ ጊቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ እድር የሚጋሩት በግጭቱ ቀን እንኳ የጎረቤታቸውን በር ሲጠብቁ ታይተዋል። ስለዚህ አሠራሩ መቀራረቡን መንከባከብ ሲገባው መራራቁን እየሸለመ ነው፤ ወንበር የሚያገኘው የራሱን ወገን ለብቻ ያሰለፈ ነውና።

ከድሬ ወጥተው ርቀው የሚኖሩትም ስለ ከተማዋ የመናገር መብት አላቸው፤ ወገኖቻችን ናቸው። ግን የሄዱበት ቀን ላይ የቆመች ድሬ በልባቸው ይዘው በፌስቡክ የሚጽፉት፣ እዚህ ያለውን ልጅ ድንጋይ እንደሚያስይዝ ይወቁት።

የፋይዳ መታወቂያ ስናወጣ አድራሻችንን ጠየቁን፣ ብሔራችንን አልጠየቁንም። ከተማዋም በዚሁ መንገድ ብትጠይቀን እወዳለሁ። ለሚቀጥለው ምርጫ የሚወዳደሩ ሁሉ ቅስቀሳቸውን ደቻቱ ዳር፣ ታይዋን ገበያና ሳቢያን መጥተው ያድርጉ። ወንዙ ከሐምሌ በፊት በማን በጀት እንደሚጠረግ፣ ቧንቧው መቼ እንደሚለወጥ፣ የድሮው ጣቢያ ለምን እንደሚውል እዚያው ቆመው ይመልሱ። ከየትኛውም ወገን ይምጡ፣ ድምፄን የምሰጠው ለእነዚህ መልስ ላለው ነው።