«ደረቀ ወይ?» አትበሉኝ

ከእንግዲህ «ዘይት ቀባ አድርገህ ተወው፣ ራሱ ይደርቃል» የሚለኝን ሰው አላናግርም። በቃኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በገዛ እጄ የእንጨት ቀስት ሠራሁ። ቀስት ስል ደጋኑን ማለቴ ነው፣ ፍላጻውን አይደለም። ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሁለቱ ክንዶች እኩል እስኪጎብጡ ድረስ በሞረድ ትንሽ ፋቅ፣ ወጠር፣ አየት፣ እንደገና ፋቅ። አንዱ እሺ ብሎ ሲታጠፍ ሌላው እንደ ግትር በሬ አልሄድም ይላል። እሱን ሁሉ ተወጣሁት። እንጨቱም አልተሰበረም። የቀረኝ ዘይት መቀባት ብቻ ነበር። «ብቻ» ያልኩበትን አፌን በቆረጠው!

መጀመሪያ ጣሳው ራሱ ዋሸኝ። «የተፈላ የተልባ ዘይት» ይላል። ኋላ ሳጣራ ማን አፍልቶት! ዛሬ በዚህ ስም የሚሸጠው አብዛኛው ዘይት ቶሎ እንዲጠነክር የኮባልት ወይም የማንጋኒዝ ውህድ ጠብ የተደረገበት ነው። ጥሬውን ከገዛህ ደግሞ ለሳምንታት ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። «ተንግ ኦይል ፊኒሽ» (ተንግ ከሚባል ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ዘይት ነው ተብሎ የሚሸጠው) የሚለውማ ይባስ። ብዙ ጊዜ የቀጠነ ቫርኒሽ ነው፤ አንዳንዱ ጠብታ ተንግ የለበትም። ስሙን ብቻ ተበድሮ ነው የሚኖረው።

ሁለተኛው ውሸት «ይደርቃል» የሚለው ቃል ነው። ውሃ ይደርቃል፣ ተኖ ይሄዳል። የተልባ ዘይት የትም አይሄድም። እዚያው ተቀምጦ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ፣ እርስ በርሱ እየተያያዘ ቀስ እያለ ይጠጥራል። ስለዚህ አየር ማግኘት አለበት። ወፍራም አድርገህ ከቀባኸው ላዩ ቆዳ ያወጣና በሩን ይዘጋል። ታቹ ፈሳሽ እንደሆነ ይቀራል። ይህን ቀድሞ የነገረኝ የለም። ሁሉም የሚለው «ይደርቃል» ነው።

እኔ ምን አደረግሁ? አፈሰስኩበት። እንጨቱ ዘይቱን ሲመጠው፣ መልኩ ሲደምቅ፣ መስመሮቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ሲሉ ልቤ ጠፋ። «ጠጣ የኔ ጌታ» እያልኩ ደጋገምኩለት። ከዚያ ትርፉን ሳልጠርግ ሄጄ ተኛሁ። ጠዋት ስነካው አውራ ጣቴ ተጣብቆ «ጭቅ» ብሎ ተላቀቀ። የጣቴ አሻራ ከነመስመሩ ክንዱ ላይ ታትሟል። ከአሻራው ጎን አንዲት ትንኝ ክንፏን ዘርግታ ተቀብራለች። ሦስት ቀን ጠበቅሁ። ያው ነው። ትንኟም እዚያው ናት።

እንግዲህ በተርፐንታይን፣ በዚያ ቀለም ማቅጠኛ፣ እያራስክ ፈትግ። ጨርቅ ሙጭጭ ይላል፣ እጅ ሙጭጭ ይላል፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር ሙጭጭ ይላል። ያ ሁሉ ሲነሳ ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። ደረቅ ሳለ እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰው እንጨት ለካ ጭረቱን ደብቆብኝ ነበር። በሻካራው ቁጥር 80 የብርጭቆ ወረቀት በአግድም የፋቅሁባት ቦታ ሁሉ ቁልጭ ብላ ታየች። እጀታው አጠገብ ደግሞ ኮላ ነክቷት ያላየኋት ቦታ ዘይት አልጠጣ ብላ እንደ ቋቁቻ ነጥታ ቀረች። ፍቆ ከማንሳት በቀር መላ የለውም። ግን ቀስት ነው! አንድ ቦታ አብዝተህ ከፋቅህ ክንዱ እዚያ ላይ ይደክማል፣ የሁለት ወሩ ሚዛን ገደል ገባ።

መካሪ ደግሞ አይጠፋም። አንዱ «የወይራ ዘይት ቀባው» ይለኛል። ወንድሜ፣ የወይራ ዘይት ዕድሜህን ሙሉ ብትጠብቀው አይጠጥርም። እንደቀባኸው ኖሮ ይሸታል። ሌላው የባለሙያ ነው ብሎ ይህን አመጣልኝ፤ በቀን አንዴ ለአንድ ሳምንት፣ በሳምንት አንዴ ለአንድ ወር፣ በወር አንዴ ለአንድ ዓመት፣ ከዚያ በዓመት አንዴ ዕድሜ ልክ። ቀስት ነው የሠራሁት ወይስ ቃል ኪዳን ነው የገባሁት?

በጣም ያናደደኝን ልንገራችሁ? ይህ ሁሉ ልፋት እርጥበትን እንኳ በቅጡ አያስቆምም። ለቀስት የሚስማማው እንጨት ከ8 እስከ 10 በመቶ የሚሆን እርጥበት የያዘ ነው ይባላል። ከዚያ ብዙ ካለፈ ይለሰልስና እንደጎበጠ ይቀራል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። በጣም ከደረቀ ደግሞ ቀጭ! ዘይቱ የውሃ ጠብታ ይመልሳል እንጂ በአየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ትንሽ ቢያዘገየው ነው። ቫርኒሽ ይሻላል። ሼላክም፣ ያ ከነፍሳት ሙጫ የሚሠራው ቅብ፣ ይሻላል። አውቃለሁ፣ «ታዲያ ለምን እሱን አትቀባም?» ልትሉኝ ነው። መልሱ ያሳፍራል። በዘይት የታሸ እንጨት እጅ ላይ እንጨት እንጨት ይላል። ቫርኒሹ ፕላስቲክ የጨበጥኩ ያስመስለኛል። እንግዲህ ለዚህ ነው የምሰቃየው።

ቀልዱን ትተን አንድ ነገር። የዘይቱን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትወርውሩ። ዘይቱ ሲጠጥር ሙቀት ያወጣል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ክብሪት ሳይነካው ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ወይም ደጅ ዘርግታችሁ አስጡት። ተርፐንታይኑን ስፈትግበት የዋልኩትን ጨርቅ ከወንበሩ ሥር ተጠቅልሎ ያገኘሁት ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው። ስነካው ለብ ብሏል። ላብ አሰመጠኝ።

አሁን ሁለተኛ ዙር ላይ ነኝ። መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ አበስኩት፣ ውሃው ያስነሳው የእንጨቱ ፀጉር ሲደርቅ በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት፣ በቁጥር 220 ከዚያም በ320፣ በእንጨቱ መስመር ፈተግሁት። ቆዳ የሚለጠፍበትን መያዣውን በፕላስተር ሸፈንኩ፤ ዘይት ከነካው ኮላ አይዝም። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ጨርቅ ላይ፣ በስሱ ማሸት፣ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ ምንም ያልቀባሁት እስኪመስል ድረስ መጥረግ። ነፋስ በሚያገኝበት መስቀል። በማግስቱ ያንኑ መድገም። አራተኛ እጅ ደርሻለሁ። እውነቱን ለመናገር አምሮበታል።

ትናንት ማታ አራተኛውን ቀብቼ፣ ጠርጌ፣ ሰቀልኩት። ሰዓት እንኳ አልሞላም፣ እንግዳ መጣ። አየውና «ኧረ ጎበዝ! ደረቀ ወይ?» አለኝ። አፌን ከፍቼ «አትን...» ስል አውራ ጣቱ የላይኛው ክንድ ላይ አርፏል።