መሶቡን ማን ሰፋው?

ሜልበርን ውስጥ በአንድ ኤግዚቢሽን ያየሁት የሣር ቅርጫት ከዓይኔ አልጠፋም። ቀረብ ብዬ ሳየው ስፌት ነው፤ የእኛው ስፌት! ሣሩ ተጠቅልሎ፣ ከሥሩ ካለው ዙር ጋር እየተወጋ፣ ዙር በዙር ላይ እያደገ የወጣ። በልጅነቴ ወስፌ ስንት ጊዜ አውራ ጣቴን እንዳደማው ትዝ አለኝ። ዓይኔ ግድግዳው ላይ ወዳለው ጽሑፍ ሲዞር ግን ደነገጥሁ። የሰፋችው ሴት ሙሉ ስም፣ የመጣችበት መንደር፣ የሠራችበት ዓመት ሁሉም ተጽፏል።

ሴትዮዋ ከመካከለኛው አውስትራሊያ በረሃ፣ ጃንፒ ከሚባለው የሰፊ ሴቶች ማኅበር አንዷ ናት። ጃንፒ በቋንቋቸው ሣር ማለት ነው። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይህ ነው፦ የበረሃዎቹ ሴቶች ዕቃ በጭንቅላት ለመሸከም የሚሆን ክብ መደላድል መጠቅለል ጥንትም ያውቃሉ፤ ቅርጫት መስፋት የጀመሩት ግን ብላክስቶን በምትባል መንደር በተሰጠ ሥልጠና፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በ2005 ካንጁፓዪ ቤንሰንና ባልንጀሮቿ የእውነተኛ መኪና ልክ ያለው ቶዮታ ከሣር ሠርተው የአገሪቱን ትልቅ የአቦርጂናል (የነባር ሕዝቦች) ሥነ ጥበብ ሽልማት ወሰዱ። ዐሥር ዓመት ብቻ! በደቡብ በኩል ደግሞ ኢቮን ኩልማትሪ የምትባል፣ ንጋሪንጄሪ ከሚባለው ነባር ሕዝብ የሆነች ሴት አለች። የአያቶቿን የዓሣ ወጥመድ ከቄጠማ እየሰፋች በ1997 አውስትራሊያን ወክላ በጣሊያኗ ቬኒስ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ አሳይታለች። ቄጠማ ነው እኮ! እኛ በዓል በመጣ ቁጥር የምንጎዘጉዘው ዓይነት።

እኛስ? ሰንደዶና አክርማ ስንለቅም፣ አለላ ስንነክር ስንት ትውልድ አለፈ? አዲስ አበባ የባህል ዕቃ መሸጫ ገብቼ መሶብ ባነሣሁ ቁጥር ያየሁት ጽሑፍ ዋጋው ብቻ ነው። እኔም ዋጋ ተከራክሬ ወጣሁ እንጂ የሰፊዋን ስም አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ይህ ያሳፍረኛል።

ማታ እናቴ ጋር ደወልሁ።

«እማዬ፣ የቤታችንን መሶብ ማን ሰፋው?»

«የአናጢው ሚስት ናት፣ ነፍሷን ይማረው። አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶባታል። ክዳኑን አልወደደችውም ነበርና ፈትታ እንደገና ሰፋችው።»

«ስሟ ማን ነበር?»

እናቴ ዝም አለች። የሠርጌ እንጀራ የቀረበው በዚያ መሶብ ነው፤ ቀዩ አለላ ዛሬም አልደበዘዘም።

«እኛ የአናጢው ሚስት ነበር የምንላት» አለችኝ በመጨረሻ።

የልጇን ስልክ ከዕድሩ ሰዎች ጠይቃ እንድትልክልኝ ለምኛታለሁ።