ኮብልስቶንም ቦይ ይፈልጋል

ወንድሜ፣ «ኮብልስቶን ውሃ ያሰርጋል፣ ቦይ አያስፈልገውም» ያልከው ልክ አይደለም። አብሽር፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። ድንጋዩ ራሱ ውሃ አያሳልፍም። በመጋጠሚያው የሚሰርገው ጥቂቱ ነው፤ እሱም ሲበዛ ከሥር የተነጠፈውን አሸዋ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ አንዱ ድንጋይ ይሰምጣል፣ ጎረቤቱም ይላቀቃል። ለዚህ ነው መንገዱ በሜትር 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጠርዝ ዘቅዘቅ ተደርጎ፣ ውሃው ቦይ እንዲገባ የሚሠራው።

ደሴ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የሐምሌ ጎርፍ ቦይ ካጣ መንገዱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል። እኛ ሰፈር ቦዩ በፌስታልና በአፈር የተደፈነ ጊዜ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ከሱቁ ፊት ያለው ድንጋይ እንደ ላላ ጥርስ ይነቃነቅ ጀመር። ስትረግጠው ጭቃውን ሱሪህ ላይ ይተፋል።