«ፋይሉ ከተከፈተ ልክ ነው» ይሉናል

እዚህ ጅማ በአርትዖት የማግዘው አንድ መጽሔት አለ። ስሙ ይቆየን። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ተቀምጦ የኤክስኤምኤል ቫሊዴሽን (ርእሱ፣ ደራሲው፣ ሠንጠረዡ በየምልክቱ የተለየበት ፋይል ደንቡን መጠበቁን በማሽን መፈተሽ) እንዲቀር ወሰነ፤ ጽሑፉ በቀጥታ ወደ ሌይአውት፣ ወደ ገጽ ቅንብር፣ ይገባል። ጊዜ ይፈጃል ነው ምክንያቱ። ይሁን፣ ይፈጃል። ደሜን ያፈላው ግን አንድ ኃላፊ የጨመሩት ነው፦ «ፋይሉ ከተከፈተ ልክ ነው።»

ኧረ ተዉ! ፋይሉ መከፈቱ የሚነግረን ታጎቹ፣ የየክፍሉ ምልክቶች፣ በሥርዓት ተከፍተው መዘጋታቸውን ብቻ ነው። የደራሲው ስም ታግ በርእሱ ታግ ቦታ ቢገባ፣ ማጠቃለያው ጨርሶ ባይኖር፣ ፋይሉ እንደሆነ ከመከፈት አይመለስም። ያንን የሚይዘው ዲቲዲውን ወይም ስኪማውን፣ ማለትም የትኛው ክፍል የት መግባት እንዳለበት የሚደነግገውን ሰነድ፣ ይዞ የሚፈትሸው ቫሊዴሽን ነው። ኤክስኤምኤል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ ጀምሮ መከፈቱና ደንቡን መጠበቁ ለየቅል ናቸው።

በአንድ እትም የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ደራሲው ሦስተኛውን ሠንጠረዥ ሰርዞታል። «ሠንጠረዥ 3ን ይመልከቱ» የሚለው ማጣቀሻ ግን እዚያው ቀርቷል። ፋይሉ ተከፈተ። ገጹም አማረ። ሦስት ሰው አነበበው፣ አንዱ እኔ ነኝ። ማናችንም አላየነውም። ተቻኩለን ስለነበር ቫሊዴሽኑን ዘለነዋል። መጽሔቱ ታትሞ ፈረንጅ አራዳ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ሳገላብጥ አየሁት፤ ቡናው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ማታ ያንኑ ፋይል ቫሊዴሽን ለሚሠራው ማሽን ሰጠሁት። ማጣቀሻው የሚጠቁመውን የሠንጠረዥ መለያ ስም ጠርቶ እንዲህ የሚባል ነገር የለም አለኝ። ዓይን ይደክማል፣ ማሽን ግን አይደክመው፣ ምሳ ሰዓት አይደርስበት።

በ«።» ፋንታ ሁለት ጊዜ «:» የሚመታውስ? ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች። ስኪማትሮን (የራስን የፍተሻ ደንብ መጻፊያ ቋንቋ) ላይ አንዲት አጭር ደንብ ብትጻፍ ሁሉንም ትለቅማለች። ኃላፊዎቹ ግን ያቺን ደንብ ከመጻፍ አራሚውን እስከ ምሽት ማስቀመጥ ይቀላቸዋል።

«ቴክኖሎጂው ለአማርኛ አልተሠራም» ያሉም ነበሩ። በኤክስኤምኤል 1.0 የታግ ስም በፊደላችን መጻፍ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2008 የደንቡ አምስተኛ እትም ሲወጣ መሆኑ እውነት ነው። ይዘቱን በአማርኛ መጻፍ ግን መቼ ተከለከለ? ሰበብ ነው።

ቫሊዴሽን የተሳሳተ አኃዝ አይዝም፣ እሺ። እሱን እኛ እንይ። ሌላውን ግን ለምን?

ውሳኔው ጸንቷል። የሚቀጥለውን እትም ፋይሎች በፍላሽ ይዤ ወደ ቤት ገብቻለሁ። መብራት ካልሄደ ዛሬ ማታ አያቸዋለሁ።